ወንድሜ ተሸክሞ ያደረሰው የእናቴ ስለት

ባሕር ዳርን አይቶ የማያወድስ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አይቻታለሁ። ዘንባባው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ ሐይቁ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቶ፣ ጀልባዎቹ ወደቡ ላይ እንደ ከብት ጎን ለጎን ታስረው፤ የተወራላት ሁሉ እውነት ነው። አሶሳ የሚያውቁኝ ሰዎች «እስቲ ፎቶ አሳዪን» ይሉኛል። የለኝም። ያነሣው ወንድሜ ነው፤ ላክልኝም አላልኩት።

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። የእናታችንን ስለት ለማድረስ ነው። ስለቱ የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ወዳለ ገዳም ሲሆን፣ ያ ገዳም ደግሞ ሴት አይገባበትም። ወንድ ያስፈልግ ነበር። ያለኝ ወንድም አንድ ነው። እሱም ከእናቱ ሃይማኖት ወጥቷል።

ከጎጃም ወጥቼ አሶሳ ስመደብ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ነርስ ነበርኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ፤ ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። አባታችን ሲያርፍ ታናሽ ወንድሜን ወስጄ ላስተምረው አልኩ። እናቴ መጀመሪያ እምቢ አለች። «እዚያ በረሃ ልጄን አታስፈጂብኝ» አለች። ኋላ ግን ደጋግሜ ብለምናት ሰጠችኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኝታን፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጄን ይዛ፣ «ጤናውንና ሃይማኖቱን አደራ» አለችኝ። ሌላ አላለችም። ከሁለቱ አንዱንም አልጠበቀችም እያለ የሚያማኝ ዘመድ ዛሬም ድረስ አለ።

ጤናው፦ አሶሳ በገባ በሁለተኛው ክረምት ወባ ያዘው። እንደ ሌላው ወባ አልነበረም፤ ወደ ጭንቅላቱ ወጣና ራሱን ሳተ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተዘርግቶ እኔን እህቱን አያውቀኝም ነበር። መንገዱ ስለተበላሸ እናቴ መምጣት አልቻለችም። በስልክ ትንፋሹን አሰሚኝ አለችኝ፤ ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቼ አሰማኋት። ያኔ ነው የተሳለችው። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ወደዚያች ደሴት ሄዳ ነበር፤ አባቷ ገብቶ እስኪመለስ እሷ ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዛፉን ስታይ እንደዋለች ብዙ ጊዜ ነግራናለች። በስልኩ ውስጥ እያለቀሰች፣ የገዳሙን መልአክ እየጠራች፣ «ልጄን ካስነሣህልኝ ጥላ ይዤልህ እመጣለሁ፤ እኔ መግባት ባልችል እሱ ራሱ ተሸክሞ ያስገባልሃል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሃይማኖቱ ደግሞ፦ በዚያው ቀን፣ አጥር የሚያዋስኑን ከወለጋ የመጡ ጎረቤቶቻችን አልጋውን ከብበው ጸለዩለት። ደጎች ናቸው፤ ይህን አልክድም። ለአስታማሚ ምግብ ያመላለሱልኝ እነሱ ናቸው። ፕሮቴስታንቶች ስለሆኑ እንደ ደንባቸው እጃቸውን ጭነው ጮክ ብለው ነው የጸለዩት። እኔ አንሶላ ልለምን ወጣ ብዬ ነበር። ስመለስ ወንድሜ ዓይኑን ገልጧል። ሲገልጥ ያየው እነሱን ነው።

እናቴ ስለቴ ሰመረልኝ አለች። ጎረቤቶቹ ጌታ ሠራ አሉ። መድኃኒቱን ሰዓት ሳላሳልፍ በደም ሥሩ ስሰጠው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለ መድኃኒቱ ግን ማንም አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ እሑድ እሑድ ከእነሱ ጋር መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ «ላመስግናቸው ብዬ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «መዝሙራቸው ደስ ይለኛል» አለኝ። በመጨረሻ ምንም አላለኝም፤ አንድ ጠዋት ማዕተቡን መታጠቢያው በር ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የረሳው መስሎኝ ወስጄ ሰጠሁት። «አልረሳሁትም እትዬ» አለ በቀስታ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትልቅ ሰው ያዘዘውን እምቢ ብሎ አያውቅም። ይህ ጠባዩ ነው ተስፋ የሰጠኝ፤ በኋላም የጎዳኝ።

እናቴ ጥላውን አዘጋጅታ፣ ጫፉን በወርቀ ዘቦ አስጠልፋ፣ ለመንገዱ ስትሰናዳ ደም ግፊት ጣላት። በአርባዋ ማግስት አጎቴ ጥላውን አምጥቶ እቅፌ ላይ አስቀመጠው። ዘመድ ሁሉ ተቀምጧል።

«ልጇን ወስደሽ ለጴንጤ ሰጠሽ» አለኝ። «እስቲ እንግዲህ ጥላዋን እንኳ አድርሺላት።»

ማንም ተው ያለው የለም። ጥላውን ይዤ አሶሳ ተመለስኩ። በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። የአሶሳ ክረምት ሻጋታው ኃይለኛ ነው፤ ጫማ እንኳ በሳምንቱ አረንጓዴ ይሆናል። ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር እያወጣሁ አናፍሰው ነበር። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ስለት በማንም ክርስቲያን እጅ ይደርሳል፤ አትጨነቂ» አሉኝ።

«ራሱ ተሸክሞ ብላለች እኮ አባቴ።»

«እንግዲያው ራሱን ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። «እሺ እትዬ፤ ለእማዬ አይደል? እወስደዋለሁ» አለ።

ያን «እሺ» ይዤ ነው ከአሶሳ የወጣሁት። ሐሳቤን አልሸሽግም፤ ጥላው ብቻ እንዲደርስ አልነበረም የምፈልገው። እዚያ ቅጽር ውስጥ እግሩ ሲገባ፣ ያሳደገው ዕጣን ሲሸተው፣ አንድ አባት መስቀል ሲዘረጉለት፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንዴት እምቢ ይላል? የማንም ሰው ልጅ መነኩሴ ፊት፣ በአደባባይ፣ አልሳለምም አይልም። ይሉኝታ ይይዘዋል። አንዴ ከተሳለመ ደግሞ የቀረውን እግዚአብሔር ይጨርሰዋል ብዬ ነበር። በጾምና በስግደት ይህንኑ ነው የለመንኩት።

ፈቃድ ስጠይቅ ጤና ጣቢያችንን የምታጸዳው የበርታ ሴት ሰማች። ሙስሊም ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙ አይርቅም።

«ወንድምሽ ጋር ነው የሚሄድ?» አለችኝ።

«አዎ፤ ወደ ሃይማኖቱ እንዲመለስልኝ ዱዓ አድርጊልኝ።»

መጥረጊያዋን ተደግፋ ትንሽ አየችኝ። «ወላሂ፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ኑ ብሎ። ሌላው ለአላህ ተይው፤ አንቺ ብዙ ይይዛል።»

ብዙ ትይዣለሽ ማለቷ ነው። ሳቅሁና አለፍኩት።

አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ጥቅሉን ሲያይ ደነገጠ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፤ ጦር ነው?»

«ጥላ ነው» አለ ወንድሜ።

«ዝናቡ ካለቀ ስንት ጊዜው! አሁን ጥላ ምን ያደርግልሃል?»

«የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፤ የእናቴ።»

ፈታሹ እጁን ሰበሰበና በአክብሮት አሳለፈው። መቀመጫው ላይ ሆነን ስንጠብቅ ከወንድሜ ማኅበር የሆነ ሰው መጣ። «ወንድም፣ ጌታ ይባርክህ! ወዴት ነው? አገልግሎት ነው?» ብሎ ትከሻውን አቀፈው። ከአቡጀዲው ጫፍ የወጣውን የወርቅ ዘርፍ አየና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ወንድሜ ጥቅሉን ወደ ኋላው አልሸሸገም። «የእናቴን ስለት ላደርስ ነው» አለው ፈገግ ብሎ። ሰውየውም «አይ ጥሩ፣ ጥሩ» እያለ ሄደ። ያኔውኑ ማስተዋል ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ይሉኝታ የሚይዘው አይደለም። እኔ ግን በልቤ፣ ይኸው ማዕተብ በሌላቸው ፊት ስለ እናቱ መሰከረ ብዬ ደስ አለኝ።

ባሕር ዳር የደረስነው እኩለ ቀን ሳይሆን ነው። ዕቃችንን ማረፊያ ቤት አስቀመጥንና በሐይቁ ዳር ወጣን። ከአሶሳ ለሄደ ሰው ያ ሁሉ ውኃ ያስደነግጣል። ነጫጭ ወፎች፣ ምንቃራቸው እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ ትልልቅ ወፎች፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች፤ ከዳር ዳር ደግሞ ሐይቁን እየበላው ነው የሚሉት እምቦጭ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ይወዛወዛል። ወንድሜ እንደ ልጅ ሆነ። እየሮጠ ፎቶ ያነሣል፣ «እዚህ ጋ ቁሚ፣ እዚያ ጋ ቁሚ» ይለኛል። «ነጠላሽን ትንሽ ለቀቅ አድርጊው፤ መነኩሲት መሰልሽ እኮ» ይለኛል። ዘንባባ ሥር አቁሞኝ ያነሣው አንድ ፎቶ ላይ ሳቄ ጆሮዬ ደርሶ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን የሳቅንበት ጊዜ የለም። ይህንንም ስጽፈው ይመረኛል።

ምሳ ሐይቁ ዳር ያለ ዓሣ ቤት ገባን። የነቢያት ጾም ነው። እሱ ከራሱ እስከ ጭራው የተጠበሰ ቆረሶ አዘዘ፤ እኔ ሽሮ።

«ዓሣ እኮ ከውኃ ነው የሚወጣው» አለኝ። «አትክልት በይው።»

«ዓይን ያለው አትክልት አላውቅም።»

«እማዬ በጾም ትበላ ነበር።»

«እማዬ አፏ ደርሶ አያውቅም! ደግሞ እናታችንን ከሞተች በኋላ ማስፈሰክ ጀመርክ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እጁን ታጠበ። ምግቡን ገፋ አደረገው።

«እትዬ፣ ላገባ ነው።»

ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አጥር የሚያዋስኑን የነዚያ ሰዎች ልጅ ናት። ሥርዓት ያላት፣ ታይታ የማትጠገብ ልጅ ናት፤ ስንነሣ ዳቦ ጋግራ በፌስታል የሰጠችን እሷ ናት። ቢሆንም የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ።

«የት?»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን ነዋ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ከአገር ቤት ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ። አጎቴማ ስልኬንም አያነሣም። እማዬ የለችም። ሙሽራው ሲገባ የእናት ቦታ ባዶ ሊሆን ነው። አንቺ ካልቆምሽልኝ ማን ይቆምልኛል?»

ያኔ ገባኝ። እኔ እሱን ልመልስ ይዤው መጥቻለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን ሊወስድ ይዞኝ መጥቷል። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ሁሉ ውኃ ፊታችን ተዘርግቶ፣ ሁለታችንም የምንፈልገውን በሆዳችን ይዘን ስንሳሳቅ ውለናል።

«መጀመሪያ የእማዬን ስለት እናድርስ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ተስፋ እንደሰጠሁት ቆጠረው መሰለኝ፤ ዓሣውን ወደ ራሱ ስቦ እንደገና መብላት ጀመረ። አላስተባበልኩም። ነገ የሚሆነው ሆኖ፣ መስቀሉን ተሳልሞ ሲመለስ፣ ይህ የሰርግ ነገር ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል ብዬ ነበር።

በማግስቱ የመልአኩ ወርኃዊ በዓል ነበር። ቀኑን መርጬ ነው የሄድኩት፤ ሰው እንዲበዛ። ከአገር ቤት የመጣ የአባታችንን ነጠላ አወጣሁለት። አየውና አጣፍቶ ለበሰው። ጥላውን በትከሻው ላይ አደረገ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሳየው አባቴ ከመቃብር የተነሣ መሰለኝ፤ እንባዬ እንዳይታይ ወጥቼ ቆምኩ።

ወደቡ ላይ ስለት የያዘው፣ ሕፃን ያዘለው፣ ጠበል ማምጫ ጀሪካን ያንጠለጠለው ተሳፋሪ ጀልባውን ሞልቶታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ከአዴት የመጣች ባልቴት ነች፤ ልጇን ይዛ የመጣች፣ አፏ የማያርፍ፣ መልካም ሴት።

«ባልሽ ነው?» አለችኝ ወደ ወንድሜ በአገጯ እያሳየች።

«ወንድሜ ነው።»

«እሰይ! እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ምን ጎደለበት! የማን ስለት ነው?»

«የእናታችን። ነፍሷን ይማርና፣ ታሞባት ለሱ የተሳለችው ነው።»

«እልልል!» አለች ገና ሞተሩ ሳይነሣ። «ቆይ ብቻ፣ ጥላው ሲወጣ አብረን እናቀልጠዋለን። እኛ ሴቶች ከድንጋዩ አናልፍም እንጂ እልልታችን ያልፋል!» ጀልባው ውስጥ ያሉት ሁሉ ወንድሜን በፍቅር አዩት። እሱ አንገቱን ደፋ። ባለ ጀልባው ሞተሩን ሲያስነሣ ውኃው እንደ ጨርቅ ተቀደደልን።

ደሴቲቱ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ትመስላለች። ስንቀርብ የድንጋይ ወደቡ ታየን፤ ከወደቡ ጀምሮ በዛፍ የተከደነች ቀጭን መንገድ ወደ ላይ ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከታች አይታይም። ሴቶች ከወደቡ ድንጋይ አናልፍም። እኔም እናቴ ልጅ ሳለች እንደተቀመጠችው፣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

በበዓል ቀን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ እወደቡ ድረስ ወርደው ባለ ስለቶችን ይቀበላሉ። ስለቱ በቤተ ክርስቲያን ሲነገር በስመ ክርስትና ስለሆነ የእያንዳንዱን ይጠይቃሉ። መስቀል ያሳልሙና ወደ ላይ ይሸኛሉ። ወንድሜ ተራው ደረሰ። ከእኔ የራቀው ሁለት ሰው ቢጋደም የሚሞላው ያህል ነው፤ ንግግራቸው ሁሉ ይሰማኛል።

«ይህን የመሰለ ጥላ! የማን ነው ልጄ?»

«የእናቴ ነው አባቴ። ዐርፋለች።»

«ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልህ። ስመ ክርስትናዋ?»

ነገራቸው። አልረሳውም ነበር። ልቤ ዘለለ።

«ያንተስ?»

ዝም አለ። የረሳ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ረሳኸው? የዛሬ ልጆች እኮ አለቀላችሁ!»

«አልረሳሁትም አባቴ። አልጠራበትም።»

«እንዴት?»

«እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። የመጣሁት የእናቴን ቃል ላደርስ ነው። እንድገባ ካልተፈቀደልኝ እዚሁ ለሚቀበለኝ እሰጣለሁ፤ አልቀየምም።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እንደ ሰላምታ ነው የተናገረው። ከአዴት የመጣችው ባልቴት «በስመ አብ!» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ፤ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ስመ ክርስትናውን ጮኬ ተናገርኩ። «ስሙ ይሄ ነው አባቴ! በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ነው፤ አትስሙት!»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ቢቆጣ ደግ ነበር። «እትዬ፣ ተይ እንጂ» አለኝ እንዲያው በልመና።

«እናቴ ራሱ ተሸክሞ ይገባል ብላ ነው የተሳለችው!» አልኩ እያለቀስኩ።

መነኩሴው እሱንም እኔንም አዩ። «እሷ ባለችው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ደጀ ሰላሙ ተሸከምላት። ከዚያ ዲያቆኑ ይቀበልሃል። አንተ ግን ከደጁ አታልፍም። ይገባሃል ልጄ?»

«ይገባኛል አባቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ጫማውን ሳይነገረው አወለቀ። መነኩሴው ልማድ ሆኖባቸው ይመስለኛል፣ መስቀሉን ዘረጉለት። ወንድሜ ጥላውን እንደተሸከመ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ ግንባሩን ግን አላስነካም። ትልቅ ሰውን እንደሚያከብር ነው እንጂ እንደሚሳለም አልነበረም። እሳቸውም መስቀሉን በዝግታ መለሱት።

ከዚያ ወጣ። የወርቅ ዘርፉ በቅጠሉ መካከል እየበራ፣ እየጠፋ፣ እየበራ ሄደ። ባልቴቲቱ እልልታውን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። «አንቺስ? እልል በይ እንጂ፣ የእናትሽ ስለት አይደለም!» ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለኝ። የእናቴ ስለት በገባበት ቀን እልል ያሉት የማላውቃቸው ሴቶች ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። በእጁ ጠርሙስ ይዟል። «ጠበል ነው፤ ዲያቆኑ ለእህትህ ስጥልኝ ብሎኝ ነው» አለና ክዳኑን አጥብቆ ሰጠኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ ተስፋዬ አልሞተም፤ እጁን ያዝኩት።

«አለቀስክ?»

«ጥላውን ደጁ ላይ ዘረጉት። ቢታይሽ እትዬ፣ ሌላው ጥላ ሁሉ አጠገቡ ጨለመ። እማዬ ብታየው ብዬ ነው።»

«ሌላስ? እዚያ ቆመህ ምንም አልተሰማህም?»

የምጠይቀው ምን እንደሆነ ገብቶታል። ሊዋሸኝ ይችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተሰማኝ» ቢለኝ እስከ ዛሬ በሷ እኖር ነበር።

«እማዬን ነው ያሰብኩት» አለ። «ሌላ የለም።»

ጀልባው ሲመለስ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ተሳፋሪው በመጀመሪያ እንደመጣው አይደለም፤ ሹክ ይባባላል። ወንድሜ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። መንገዱ ሲጋመስ ጎንበስ አለና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንግዲህ የእማዬ ቃል ደረሰ። ለሰርጌ ትመጪልኛለሽ?» አለኝ።

ባልቴቲቱ ሰርግ የሚል ቃል ስትሰማ ቂሟን ሁሉ ረሳችው። «ሰርግ አለ እንዴ? እንዴታ፣ ትመጣለች እንጂ! እህት አይደለችም እንዴ! እናት ከሌለች እህት ናት እናት!» ሌሎቹም «በርግጥ፣ በርግጥ» አሉ። ሃያ ዓይን አፌን ያያል። ወንድሜ ያውቀኛል፤ አብሮኝ ነው ያደገው። በሰው ፊት እምቢ ብዬ የማላውቅ ሴት መሆኔን ያውቃል። እኔ ለመነኩሴው ያዘጋጀሁለትን እሱ ለእኔ አዘጋጅቶታል። ተንኮል ነው አልልም። ከአንድ ቤት ወጥተን ሌላ ከየት እንማራለን?

«አልመጣም» አልኩት።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ለመነኩሴው የተናገረበት ድምፅ ነው።

«እትዬ...»

«አንተ አልጠራበትም ብለህ እቅጩን ተናገርክ። እኔም በማላምንበት ደጅ አልቆምም።»

ሴትየዋ «ኧረ ተይ ልጄ» ልትል ጀምራ ተወችው። ወንድሜ የአባታችንን ነጠላ ከትከሻው አውርዶ አጣጠፈው፤ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥሞ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«እኔ ግን ተሸክሜ ወጥቻለሁ» አለ። «እስከ ደጁ። አንቺም እስከ ደጁ ብቻ ብትመጪ ምን ነበረበት? ግቢ አላልኩሽም።»

ቃሌን አላጠፍኩም። የንስሐ አባቴ ኋላ «ልክ ነሽ» ብለውኛል፤ አጎቴም ሰምቶ በስልክ መርቆኛል፤ ከአርባዋ ወዲህ ሲመርቀኝ የመጀመሪያው ነው። ምርቃቱን ተቀብዬ አሜን አልኩ፤ ደስታ ግን ጠብ አላለልኝም።

ወደቡ ስንደርስ ጀልባው ይወዛወዝ ነበር። እሱ ቀድሞ ወርዶ እጁን ዘረጋልኝ። ዋና አልችልም፤ ውኃ እፈራለሁ። ይዤው ወረድኩ። ድንጋዩ ላይ ስቆም ለቀቅኩት። ከተማዋ እንደ ትናንቱ ነበረች፤ ዘንባባው ዘንባባ፣ ሰዎች ፎቶ ይነሣሉ፣ ባጃጆች ጡሩንባቸውን ይነፋሉ። ማረፊያው ድረስ አንድ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አውሮፕላኑ ስለሚነሣበት ሰዓትና ስለ ሻንጣ ክብደት ብቻ ተነጋገርን።

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። የዚያን እሑድ ተረኝነቴን አስለውጬ ጾሬ ዋልኩ። የእናት ቦታ ላይ ማን እንደቆመ አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም የለም። ከሰርጉ በኋላ ሚስቱን ይዞ ወደ ባምባሲ ተዛወረ። ሩቅ አይደለም፤ መኪና በየሰዓቱ አለ።

ነውር አልሠራብኝም። ለገናም ለፋሲካም ማለዳ ይደውላል። «እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ» ይለኛል። በአገራችን መልሱ የታወቀ ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል፤ እንኳን አብሮ አደረሰን ይባላል። እኔ «አመሰግናለሁ» እላለሁ። ወንድሜ የቀረውን ይጠብቃል፤ በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ «እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም ስለ ዝናቡ እነግረዋለሁ።